ፀሐይ አናታችን ላይ ናት ማለት ቆማለች ማለት አይደለም

ሰሞኑን «ፀሐይ ተከታይ ሶላር ለኢትዮጵያ ቅንጦት ነው» የሚል ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ልከውልኛል። አንደኛው መቂ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው። «አየህ፣ በከንቱ ነው የለፋነው» የሚል አጭር መልእክት አያይዞበታል። እሱን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፀሐይ ተከታይ፣ ባለሙያዎቹ ትራከር የሚሉት፣ ፓነሉን የተሸከመው ብረት ራሱ የሚዞርበት አሠራር ነው። ጠዋት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይዞርና ማታ ወደ ምዕራብ አዘንብሎ ይጨርሳል። ጽሑፉ ይህ አሠራር ለእኛ የማይሆንበትን ስድስት ምክንያት ይደረድራል። አንደኛ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አናታችን ላይ ናት፣ መከተል የሚያስፈልገው ለአውሮፓ ነው ይላል። ሁለተኛ፣ የሚያዞረው ሞተር ትርፉን ራሱ ይበላዋል። ሦስተኛ፣ ፓነል ረክሷልና በዚያ ገንዘብ ተጨማሪ ፓነል ግዙ። አራተኛ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰበራል፣ ነፋስ ይገነጥለዋል፣ ጠጋኝም የለንም። አምስተኛ፣ ክረምታችን ደመና ነው። ስድስተኛ፣ ለገበሬ አይሆንም። ለመጀመሪያው ነጥብ ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ደግሞ ራሱ ቤቱ ጣሪያ ላይ የለካውን ነው፤ ፓነሉን ጠዋትም ቀትርም በቴስተር ለክቶ ቮልቱ ብዙም እንዳልተለየ ይናገራል።

ጸሐፊው ለሰው ኪስ አስቦ እንደጻፈ ያስታውቃል። በአንዳንዱ ነገርም ልክ ነው፤ ልክ የሆነበት ቦታ ላይ ስደርስ እናገራለሁ። የመጀመሪያው ነጥብ ግን የተገለበጠ ነው። ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ስለተሠራ በእሱ ልጀምርና ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

«ፀሐይ አናታችን ላይ ናት»

ፀሐይ ሁለት ጉዞ አላት። የምትዞረው ምድር መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ግን ቆመን እንደምናየው ልናገር። አንዱ የዓመት ጉዞ ነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ሌላው የቀን ጉዞ ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ጸሐፊው ስለ መጀመሪያው እያወራ በሁለተኛው ላይ ይፈርዳል።

የዓመቱን እንየው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። በሰኔ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትላለች። በታኅሣሥ 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ትወርዳለች። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢና ነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ልክ አናታችን ላይ ትሆንና የቆመ ሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ፓነሉን 9 ወይም 10 ዲግሪ ወደ ደቡብ አዘንብለን ብናስረው፣ ከዓመቱ በከፋው ቀን እንኳ በቀትር የምናጣው ከቀጥታው ብርሃን 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፀሐይን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማሳደድ ለእኛ አያዋጣም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ነው። በዚህ ቢያቆም ኖሮ ምላሽ አልጽፍም ነበር።

የቀኑ ጉዞ ግን ሌላ ነገር ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። ጎንደርም ሆነ ሞያሌ፣ ኪጋሊም ሆነ በርሊን ይህ አይለወጥም። አዲስ አበባ ላይ እውነተኛው የፀሐይ ቀትር 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ 4 ሰዓት ወደ ኋላ እንመለስ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። መጋቢት ወይም መስከረም ላይ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከአናታችን 60 ዲግሪ ርቃ ነው ያለችው። ውጡና ጥላችሁን እዩት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ጥላው 3 ሜትር ይጠጋል። ያ ረጅም ጥላ የሚነግረን ብርሃኑ በሰያፍ እየመጣ መሆኑን ነው። በሰያፍ የመጣ ብርሃን ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። በ60 ዲግሪ ሲመጣ ለተኛ ፓነል የሚደርሰው ቀጥታ ብርሃን ልክ ግማሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ላይም እንደዚያው። የሚዞር ፓነል ግን በዚያ ሰዓት ፊት ለፊት ይቀበላታል።

ዝናብ ነፋስ ሲገፋው እንዴት ሰያፍ እንደሚመጣ አስቡት። ባልዲውን ዝናቡ ወደሚመጣበት ያዘነበለ ሰው ቶሎ ይሞላለታል። ቀጥ አድርጎ ያስቀመጠው ደግሞ ብዙው ውሃ አፉን አልፎ ይሄድበታል። ሥራው ይኸው ነው።

ታዲያ ትርፉ ስንት ነው? አየር የሚባል ነገር ባይኖርና ፓነሉ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ገደብ ቢዞር፣ ከተኛው ፓነል በ57 በመቶ የበለጠ ብርሃን ይሰበስብ ነበር። ያ ግን የወረቀት ሒሳብ ነው። ጠዋትና ማታ ብርሃኑ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ይደክማል። ረድፎቹ እርስ በርስ ጥላ እንዳይጣጣሉ ማሽኑ በነዚያ ሰዓቶች ሆን ብሎ ወደ ጠፍጣፋነት ይመለሳል። አብዛኞቹም ከ60 ዲግሪ በላይ አይዘነብሉም። ይህ ሁሉ ተቀንሶ በአንድ ዘንግ የሚዞር ተከታይ እንደ ቦታው ከ15 እስከ 25 በመቶ ይጨምራል። «እጥፍ ያመርታል» ብለው የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ እነሱንም አትመኑ።

«አውሮፓ ነው የሚያስፈልገው» ያለውም ተገልብጦበታል። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚተከለው ተከታይ ዘንጉ መሬት ላይ ተኝቶ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው። ፓነሉ በዚያ ዘንግ ላይ ምሥራቅና ምዕራብ ይገለባበጣል። ይህ ዓይነቱ በጣም የሚስማማው ፀሐይ ከፍ ብላ ለምታልፍበት ሀገር ነው። በርሊን ላይ የጥር ፀሐይ ከደቡብ አድማስ ብዙም አትነሳም፤ የተኛው ዘንግ ቢዞር ቢዞር በሰያፍ ነው የሚያገኛት። እኛ ጋ ግን ከፍ ብላ ስለምታልፍ ፊት ለፊት ሊያገኛት ምንም አይቀረው።

ማስረጃ ከተፈለገ ሩዋንዳ ቅርብ ናት። ከኪጋሊ ወጣ ብሎ ሩዋማጋና የሚባል አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2014 የተሠራ 8.5 ሜጋዋት ጣቢያ አለ፤ 28,360 ፓነሎች አሉት። ቦታው ከምድር ወገብ 2 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ነው። ከእኛ ይልቅ ለምድር ወገብ ይቀርባል ማለት ነው። በጸሐፊው አነጋገር ፀሐይ «አናታቸው ላይ» ናት። ፓነሎቹ ግን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዞራሉ።

ቮልቱ ለምን አልተለየም?

ጸሐፊው ዋሽቷል አልልም። የለካውን ነው የጻፈው። የለካው ግን የተሳሳተውን ነገር ነው።

ፓነል ላይ ቮልት ትንሽ ብርሃን ሲያገኝ ቶሎ ወደ ላይ ይወጣና እዚያው ይቆያል። ብርሃኑ በእጥፍ ቢጨምር ቮልቱ ጥቂት ነው የሚንቀሳቀሰው። ከብርሃኑ ጋር እኩል የሚወጣና የሚወርደው አምፔሩ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ታንከር አስቡ። ቮልት የታንከሩ ከፍታ ነው፤ ጠዋትም ማታም ያው ነው። አምፔር ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ነው። ከፍታውን ለክቶ «ውሃው አልቀነሰም» ማለት አይቻልም። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ከፍ ይላል። የጠዋት ብርድ ላይ የተለካ ቮልት ቀትር ላይ ግሎ ከተለካው ጋር ቢመሳሰል፣ እንዲያውም ቢበልጥ፣ የሚገርም አይደለም። ስለዚህ ያ ልኬት ለእሱም ለእኔም አይመሰክርም።

«ሞተሩ ትርፉን ይበላዋል»

ይሄን በቶሎ ማለፍ ይቻላል። አንድ ረድፍ ላይ 550 ዋት የሆኑ 90 ፓነሎች አሉ እንበል፤ ወደ 50 ኪሎዋት ነው። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 250 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያመርታል። ረድፉን አንድ ሞተር ያዞረዋል። ሞተሩ 200 ዋት ይብላ፣ በቀን ተደምሮ አንድ ሙሉ ሰዓት ይሥራ፤ የበላው 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትርፉን ዝቅ አድርገን 15 በመቶ ብንይዘው እንኳ 37 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 37 አግኝቶ 0.2 መክፈል ማን ይጠላል? ትንሽ ሞተር የሚበቃው ፓነሎቹ በዘንጉ ግራና ቀኝ እኩል ስለሚሰቀሉ ነው፤ እንደ ሚዛን ማለት ነው። ቀኑን ሙሉም አይሠራም፤ በየተወሰነ ደቂቃው ለጥቂት ሰከንድ ነካ አድርጎ ያቆማል።

ጸሐፊው «ደመና ሲመጣ ፀሐይን ፍለጋ ሲዟዟር ይውላል» ብሎም ጽፏል። አብዛኞቹ ትልልቅ ተከታዮች ፀሐይን የሚያገኟት በሒሳብ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ከታወቀ ፀሐይ የት እንዳለች ይታወቃል። የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ያወጣው ቀመር የፀሐይን ቦታ እ.ኤ.አ. እስከ 6000 ድረስ ከዲግሪ አንድ ሺህኛ ባነሰ ስህተት ይናገራል። ደመና ያንን አያደናግረውም።

«ፓነል ረክሷል፣ ጨምሩበት»

እዚህ ላይ ግማሹን እስማማለሁ፤ የምስማማበትን በግልጽ ልበል። ለቤት ጣሪያ ጸሐፊው ልክ ነው። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮውን የያዘው እንጨት ነው። የሚዞር ብረት እዚያ ላይ ማቆም ነፋስ እንዲገነጥለው መጋበዝ ነው። ሦስት ፓነል ኖሯችሁ ካልበቃችሁ አራተኛ ጨምሩ። የጎረቤት ዛፍ ጥላ እንዳይጥልባችሁ እዩ። በጋ ላይ አቧራውን ጥረጉ። ለጣሪያችሁ ተከታይ ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ካለ በትህትና መልሱት።

ሜዳ ላይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። አንድ ጣቢያ ሲሠራ ፓነል ከወጪው አንዱ ብቻ ነው። ብረቱ፣ ኬብሉ፣ የፓነሉን ኃይል ለመስመሩ ወደሚስማማ ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተር፣ ትራንስፎርመሩ፣ እስከ ዋናው መስመር የሚዘረጋው ሽቦ ሁሉ ገንዘብ ነው። ፓነል ስንጨምር የሚበዛው በቀትር የሚመረተው ነው፤ በዚያ ሰዓት ኢንቨርተሩ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ከአቅሙ በላይ የመጣውን አይቀበልም፤ ይባክናል። ተከታይ የሚጨምረው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ነው። ያው ኢንቨርተር፣ ያው መስመር ረዘም ላለ ሰዓት ይሠራል።

ፓነል በእውነት ረክሷል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ዋጋው ከ90 በመቶ በላይ ወርዶ በ2024 ከፋብሪካ ሲወጣ ለአንድ ዋት 10 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ደርሶ ነበር። የጸሐፊው ክርክር እውነት ቢሆን በነዚህ ዓመታት ተከታይ ከገበያ መጥፋት ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። አሜሪካ ውስጥ በቅርብ ዓመታት ከተተከሉት ትልልቅ የሶላር ጣቢያዎች፣ በሜጋዋት ሲቆጠር፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ተከታይ ያለው ነው። አዎ፣ አሜሪካ በቀረጥ ምክንያት ፓነል ውድ ስለሆነ ያ ለተከታይ ያግዘዋል። ግብፅስ? አስዋን አጠገብ ያለው ቤንባን፣ ከ1,600 ሜጋዋት በላይ የሚያመርተው፣ ብዙዎቹ ጣቢያዎቹ ተከታይ የተገጠመላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲንጋፖር ያሉ ተመራማሪዎች ዓለምን በሙሉ አስልተው ነበር። ከምድር የብስ 93 በመቶ ያህሉ ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት በጣም ርካሽ ሆኖ ያገኙት በአንድ ዘንግ የሚዞርና በፊትም በጀርባም ብርሃን የሚቀበል ፓነል ነው።

እዚያው ጥናት ላይ ጸሐፊው ያደባለቀው ነገር ተለይቶ ይገኛል። ጽሑፉ ራስ ላይ የለጠፈው ፎቶ ባለ ሁለት ዘንጉን ነው፤ በአንድ ምሰሶ ላይ ቆሞ በአራቱም አቅጣጫ የሚዞረውን። እሱ ከሁሉም በላይ ኃይል ይሰጣል፤ ግን ውድ ነው፣ ለአብዛኛው ቦታም አያዋጣም። ጸሐፊው የሱን ዋጋ ይዞ በባለ አንድ ዘንጉ ላይ ፈርዷል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

«ይሰበራል፣ ነፋስ ይገነጥለዋል፣ ጠጋኝ የለንም»

ይሰበራል። ይሄን አልክድም። የሚዞር ነገር ግሪስ ይፈልጋል፣ ኩሽኔታው ይበላል፣ ብሎኑ ይላላል። ጠፈር ላይ የሚዞረው ዓለም አቀፉ ጣቢያ እንኳ የፓነል ክንፎቹን ወደ ፀሐይ የሚያዞርበት ትልቅ መገጣጠሚያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የቀኝ ክንፉ መገጣጠሚያ ውስጥ የብረት ብናኝ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ጠፈርተኞች ወጥተው ጠረጉት፣ አንዳንድ ክፍሉን ቀየሩ፣ ግሪስ ቀቡት። ከዚያ በኋላ መዞሩን ቀጠለ። ብልሽቱም መፍትሔውም ማንኛውም መካኒክ የሚያውቀው ነው።

ነፋሱ ከበድ ያለ ጉዳይ ነው። ረጅም ረድፍ ነፋስ ሲመታው እንደ ጨርቅ ሊጠማዘዝና ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በውጭ ሀገር በዚህ ምክንያት የተሰባበሩ ጣቢያዎች አሉ። ድሮ «ነፋስ ሲመጣ ጠፍጣፋ አድርገህ አስተኛው» ይባል ነበር፤ አሁን አንዳንዱን ዓይነት ዘንበል አድርጎ ማቆም እንደሚሻል ታውቋል፣ ንዝረቱን የሚውጥ ዕቃም ይገጠምለታል። ስለዚህ ነፋሱ ሳይለካ ተከታይ አይተከልም። ነፋሱ የሚያስፈራ ከሆነ የቆመ ፓነል ይሻላል። ይሄ ግን ቦታ መምረጥ ነው፤ ከኢትዮጵያ ማስወጣት አይደለም።

«ጠጋኝ የለንም» የሚለው ግን አስቆጥቶኛል። አዳማ የሄደ ሰው መንገድ ላይ ሆኖ የነፋስ ተርባይኖቹን አይቷል። የአዳማ ሁለተኛው ብቻ 102 ተርባይን ነው፤ 153 ሜጋዋት። መቀሌ አጠገብ አሸጎዳ አለ፤ 120 ሜጋዋት። እያንዳንዱ ተርባይን ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ጭንቅላቱን በሞተር ያዞራል። ነፋስ ተከታይ ነው እኮ! ማማው ላይ ወጥተው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ቴክኒሻኖች አሉን። በሰው ቁመት ላይ የሚዞር፣ በሰዓት 15 ዲግሪ ብቻ የሚንቀሳቀስ ዘንግ ለነሱ ምንድን ነው? ሶማሌ ተራ አሮጌ መለዋወጫ አገላብጦ መኪና የሚያስነሳ፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ የጠፋ ዕቃ የሚያስወጣ ሰው ባለበት ሀገር ይህን መጻፍ ልክ አይደለም።

«ክረምታችን ደመና ነው»

ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ተበትኖ ይመጣል፤ የሚከተሉት ነገር የለም። እንዲህ ባለ ቀን ጥሩ ተከታይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ ትርፉም ኢምንት ነው። ቅድም የጠቀስኩት ከ15 እስከ 25 በመቶ ግን የዓመት አማካይ ነው፤ ደመናው ያለበት ወር ተቆጥሮ። ደመና የሚበዛበት ቦታ ወደ 15ቱ ይጠጋል፣ ደረቅ ቦታ ወደ ላይኛው።

ጸሐፊው ያላየው ግን ሌላ ነው። የሀገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው። ግድቦቹ የሚሞሉት በክረምት ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ ውሃው ይቀንሳል። ተከታይ በደንብ የሚሠራው መቼ ነው? ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ባለው በጋ። ውሃው ሲቀንስ ፀሐዩ ይበረታል። ቀን ላይ በፀሐይ የተመረተው ያህል ውሃ ግድቡ ውስጥ ይቀርና ማታ መብራት ሲፈለግ ይለቀቃል። ክረምቱን እንደ መከራከሪያ ያመጣ ሰው በጋውንም አብሮ መቁጠር አለበት።

«ለገበሬ አይሆንም»

የአጎቴ ልጅ መልእክት እዚህ ላይ ነው።

አጎቴ መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። የጉድጓድ ውሃ አላቸው። ድሮ በናፍጣ ሞተር ነበር የሚስቡት። ናፍጣው አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። በኋላ የሶላር ፓምፕ አስገቡ። ባትሪ የለውም፤ ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል፣ ስትገባ ይቆማል። ስድስት ፓነሎች መሬት ላይ በቆመ ብረት ታስረው ነበር።

እንዲህ ያለ ፓምፕ አንድ ጠባይ አለው። ውሃውን ከጉድጓዱ ለማንሳት የሆነ ፍጥነት ላይ መድረስ አለበት። ከዚያ በታች ይሽከረከራል እንጂ ጠብታ አያወጣም። ስለዚህ ግማሽ ኃይል ግማሽ ውሃ ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ምንም ውሃ የለም ማለት ነው። ጠዋት ፓነሉ ግማሽ ብርሃን ብቻ ሲያገኝ አጎቴ ፓምፑ አጠገብ ቁጭ ብለው ድምፁን እያዳመጡ ይጠብቃሉ። ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላል፣ ቧንቧው ግን ደረቅ ነው። ተከታይ ለፓምፕ የሚሰጠው የውሃ ትርፍ ከኃይሉ ትርፍ ሊበልጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ እኔና የአጎቴ ልጅ ከሰፈሩ በያጅ ጋር ሆነን አዲስ ፍሬም ሠራን። ቱቦላሬ ቆረጥን፣ ከአሮጌ መኪና የወጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ገዛን፣ ጫፉ ላይ ሦስት ቀዳዳ ያለው ወፍራም ላሜራ በየድን። ፒን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ ሌላው ውስጥ መክተት ነው ሥራው። ሞተር የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ጠዋት 45 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ፣ 5 ሰዓት ላይ ጠፍጣፋ፣ 8 ሰዓት ላይ 45 ዲግሪ ወደ ምዕራብ። ማታ ጠፍጣፋ ሆኖ ያድራል። ፓነሎቹ በዘንጉ ግራና ቀኝ ስለተመጣጠኑ የአጎቴ ትንሿ ልጅ በአንድ እጇ ታዞረዋለች። ቅድም 2 ሰዓት ተኩል ላይ ግማሽ ያልነው ብርሃን በዚህ አቀማመጥ 97 በመቶ ይደርሳል። ፀሐይና ፓነሉ የሚለያዩት በ15 ዲግሪ ብቻ ነውና።

ድሮ ውሃ የሚታየው 3 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነበር። አሁን 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ቧንቧው ይተፋል። ከሰዓት በኋላም ከበፊቱ ዘግይቶ ነው የሚቆመው። የአጎቴ ባለቤት የነገሩኝ ግን ከሰዓቱ በላይ ልቤን ነካው። ቦዩ መጨረሻ ላይ ያሉት መደቦች ውሃ የሚደርሳቸው ፀሐይ ከበረታ በኋላ ስለነበር ሽንኩርቱ ቅጠሉ ጠውልጎ ነበር የሚጠብቀው። አሁን በጠዋቱ ቅዝቃዜ ይጠጣል።

ጥፋትም አለብን። አንድ ማታ ፒኑ እስከ መጨረሻው አልገባም ነበር። ሌሊት ነፋስ ፍሬሙን አላግቶ አንዱን ፓነል ሰነጠቀው። የሠራነው እኛ ነን፣ ጥፋቱም የእኛ ነው። አሁን ከፒኑ ሌላ ሰንሰለት ይታሰርበታል።

«የሀብታም ሀገር አዲስ ፋሽን» የሚለውም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1913 ፍራንክ ሹማን የሚባል አሜሪካዊ ካይሮ አጠገብ ማዓዲ ላይ ፀሐይን እየተከተሉ የሚዞሩ አምስት ረጃጅም የመስታወት ገንዳዎች ተክሎ ነበር፤ እያንዳንዳቸው 60 ሜትር የሚያልፉ። በሙቀቱ እንፋሎት ፈጥሮ፣ በእንፋሎቱ ፓምፕ አንቀሳቅሶ ከዓባይ በደቂቃ ከ20,000 ሊትር በላይ ውሃ እየሳበ ለእርሻ አወጣ። ከመቶ ዓመት በፊትም ሥራው የገበሬ ውሃ መሳብ ነበር።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልጠይቅ። ወንድሜ፣ ቴስተሩ አለህ፣ ፓነሉም አለህ። ቀን ሰማዩ ጥርት ሲል ፓነሉን ከባትሪውም ከኢንቨርተሩም ለየው። 100 ዋት ገደማ የሆነ ትንሽ ፓነል ይሁን፤ እሱ 6 አምፔር አካባቢ ስለሚያወጣ የቴስተሩ 10 አምፔር ቀዳዳ ይችለዋል። ለትልቅ ፓነል ሽቦውን አቅፎ ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር ተዋስ። ቮልቱን ተወው፣ አምፔሩን ለካ። መጀመሪያ ፓነሉን አስተኝተህ፣ ቀጥሎ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙረህ። ይህን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቀትር 6 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም 10 ሰዓት ተኩል ላይ አድርገው። ቀትር ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ይሆናሉ፤ የጠዋቱንና የማታውን ግን ጎን ለጎን አስቀምጠህ እያቸው። ያገኘኸውን እዚያው ጽሑፍህ ሥር ጨምረው፤ የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው ሁሉ እንዲያየው፣ የአጎቴ ልጅም ጭምር።